የብርጭቆ ነፊው ሳቅ

መጋቢት ፱ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሩቅ ላለሽው ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከፊት ያስቀመጥኳት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ እውነት መሆን አለመሆኗን ወደ ታች ስትወርጂ ራስሽ ታርሚያታለሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት፣ በሦስተኛው ያዘልኝ። ነርሷ የደም ግፊቴን ለክታ «ለዕድሜዎ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ለዕድሜዎ» የሚለው ባይጨመርበት ይበልጥ ደስ ባለኝ ነበር። ልጃችን ከነባሏ ደህና ናት። እህትሽም እንደምታውቂያት ናት፤ እኔን እንድትጠብቀኝ ይሁን አንቺን ወክላ እንድትነዘንዘኝ ከጎኔ ያስቀመጥሻት እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው እሑድ በስልክ አንድ ትልቅ ነገር ጠየቅሽኝ። «ውሌን በአንድ ዓመት ሊያራዝሙልኝ ነው። ልፈርም ወይስ ልምጣ? ያለ አንተ አልወስንም» አልሽ። ልመልስልሽ አፌን ስከፍት ከበስተኋላሽ አንድ ወንድ ሳቀ። ረጅም ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የቤቱ ባለቤት የሚስቀው ዓይነት ሳቅ። እኔም መልሱን ትቼ «ማነው እሱ?» አልኩሽ። «ብርጭቆ ነፊያችን ነው» አልሽ። «በእሑድ ቀን?» አልኩ። ከዚያ የተናገርሽውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«እኔ ስለ አንድ ዓመት እጠይቅሃለሁ፣ አንተ ስለ ሳቅ ትጠይቀኛለህ። ጥያቄ ካለህ ጽፈህ ላክልኝ። ጥያቄውን አጥርቶ የጻፈ ተማሪ ግማሹን መልሶታል ስትል የኖርከው አንተ አይደለህ?»

ስልኩም ተዘጋ።

በገዛ ዱላዬ መታሽኝ። እነሆ፣ እየጻፍኩ ነው። ግን ጥያቄው በአንድ መስመር አልወጣ ብሎኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሳምንቱን ሁለቱንም ሆኜ አሳለፍኩት።

ይህን ሰው አይቼው አላውቅም። የማውቀው ከአንቺ አፍ ነው። በላቦራቶሪያችሁ የምትለኩት ጋዝ የሚገባበትን ረጅሙን የብርጭቆ ቱቦ በእሳትና በእስትንፋሱ የሚሠራላችሁ ሰው መሆኑን በሄድሽ በወሩ ነገርሽኝ። እኔ በእስትንፋሴ የሠራሁት ነገር ቢኖር ከጠረጴዛዬ ላይ የጠመኔ ብናኝ ማቡነን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከአፍሽ አልጠፋም። «ብርጭቆ ነፊው አዲስ መጋጠሚያ ሠራልን»፤ «ብርጭቆ ነፊው እንዲህ ብሎ አሳቀን»። ድሮ «ሠራሁ፣ ለካሁ» ትይ ነበር። አሁን «ሠራን፣ ለካን» ሆኗል።

ማክሰኞ ዕለት እህትሽ ብርድ ልብስ ልታጥብ መጣች። ማሽኑን ከፍታ እኔ ያለሁበት ክፍል ገብታ ቁጭ አለች።

«ለመሆኑ እህቴ እዚያ የምትሠራው ምንድን ነው? ስትነግረኝ እሺ እሺ እያልኩ አሳለፍኩት እንጂ አልገባኝም» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ጡረታ የወጣሁ መሆኔን ረሳሁት።

«አሁን ማሽኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ብርድ ልብሱ ነዋ!»

«ግድግዳ መሐላችሁ ቆሞ በምን አወቅሽ?»

«አስገብቼዋለሁ እኮ፣ መምህር!»

«ባታስገቢውስ?»

«ሲሽከረከር ይናገራላ። ብርድ ልብስ ጉም ጉም ያደርገዋል። አንሶላ ሲሆን ያፏጫል።»

«እህትሽም የምትሰማው ይህንኑ ነው» አልኳት። ሞለኪውል ባዶ ቦታ ላይ ሲለቀቅ እንደሚሽከረከር፣ እንደ ክብደቱና እንደ ቅርጹም የራሱ የሆነ የራዲዮ ድምፅ እንዳለው ነገርኳት። አተሞቻቸው አንድ ዓይነት ሆነው አቀማመጣቸው ብቻ የሚለያይ ሁለት ሞለኪውሎች እንኳ ድምፃቸው አይመሳሰልም። በከዋክብት መካከል ካለው የጋዝ ደመና ይህ ድምፅ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ትልልቆቹ የራዲዮ ቴሌስኮፖች ይሰሙታል። የማን ድምፅ እንደሆነ ግን ቴሌስኮፑ ከየት ያውቃል? አንድ ሰው እዚህ ምድር ላይ ያንኑ ሞለኪውል ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ አየሩን በፓምፕ አስወጥቶ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ መለካት አለበት። «ያ ሰው እህትሽ ናት» አልኳት።

እህትሽ ግድግዳውን እያየች አሰበች።

«እንግዲህ እህቴ ባሏን ጥላ ባሕር የተሻገረችው የልብስ ማጠቢያ ድምፅ ልትሰማ ነው?»

«በአጭሩ፣ አዎ።»

«አይፈረድባትም። ከአንተ ንግግር ማሽኑ ሳይሻል አይቀርም።»

ይህን ያህል ካላገጠችብኝ በኋላ ስለ ሳቁ መንገር አልነበረብኝም። ነገርኳት።

«ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«አላውቅም።»

«ሚስት አለችው?»

«አላውቅም።»

«መልኩስ?»

«እትዬ፣ አላውቅም አልኩሽ!»

«ታዲያ በምኑ ነው የቀናህበት?»

«በሳቁ።»

እሷም በተራዋ ሳቀች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። አንተ ግን ሌባው ከቤቱ ሳይወጣ ራስህን መነጠርከው!» ብላ ብርድ ልብሷን ልታሰጣ ሄደች። ማታውን በሰፈሩ የሚስቅ ሰው ሁሉ በእኔ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር።

የብዕር ማስቀመጫውን ነገር አልነገርኩሽም። በሰው እጅ የላክሽልኝ፣ ብርጭቆ ነፊው ለእኔ የሠራልኝ የብርጭቆ ማስቀመጫ። «ደረሰልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብያለሁ፤ ያ እውነት ነው። ያልነገርኩሽ፣ በደረሰኝ ዕለት በማስመሪያ እንደለካሁት ነው። ወፍራሞቹ ብዕሮቼ ልክ ይገቡበታል፤ እንግዲህ የብዕሮቼን ውፍረት ነግረሽዋል ማለት ነው። ጠርዙን በጣቴ ዞርኩት፣ ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት፣ የአየር አረፋ ፈለግሁ። አንድ ጉድለት ባገኝበት ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ነበር። አጣሁ። አሁን ከመድኃኒት ሳጥኑ ኋላ ነው ያለው።

ረቡዕ ዕለት በምርምር መጽሔት የታተመውን ጽሑፍሽን በወረቀት ላስወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ፤ በስልኬ ማንበቡ ዓይኔን ስላደከመኝ ነው። ልጁ ገጾቹ ሲወጡ እያየ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ቁጥር የሎተሪ ነው እንዴ?» አለኝ። «ሚስቴ የለካቻቸው ናቸው» አልኩት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ወረፋ የያዙት ዞር ብለው አዩኝ። እዚያው ቆሜ ሠንጠረዦቹን አየሁ። ንጹሕ ሥራ ነው። ከሞለኪውሉ ቅርጽና ክብደት ከሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ተነሥተሽ፣ ድምፁ ስክሪን ላይ የሚታይባቸው መስመሮች የት የት መውደቅ እንዳለባቸው ያሰላሽበትን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኩራቴ እስከ መጨረሻው ገጽ አደረሰኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አለ።

«ለብርጭቆ ነፊያችን፣ ለእጁ ብልሃትና ለትዕግሥቱ።»

ትዕግሥቱ! በሌላ ቃል ብታመሰግኚው ዝም ባልኩ። ለፈጠራው በይ፣ ለጉልበቱ በይ፣ ለሳንባው በይ። ትዕግሥት በዚህ ቤት የማን ቃል እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ። ከእኔ የተማረ ሁሉ ስሜን ቢረሳ «ያ ታጋሹ መምህር» ብሎ ነው የሚያነሣኝ። ስሜን በምስጋናው ውስጥ ፈለግሁ። ለፓምፑ አቅራቢ እንኳ ግማሽ መስመር ተሰጥቶታል።

ደግሞስ የእጅ ብልሃት! ሰውየው አዲሱን ቱቦ እንዲያብረቀርቅ አድርጎ ሊያስደስትሽ በአሴቶን አጥቦ፣ ሳያሞቅና ቅሪቱን በደንብ ሳያስወጣ የሰጠሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የማይታወቁ መስመሮች ሲወጡ አዲስ ነገር ያገኘሽ መስሎሽ ሳምንታት ደከምሽ። በመጨረሻ ራስሽ ደረስሽበት፤ ስታባርሪው የኖርሽው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነበር። ደውለሽ ስትነግሪኝ «አይዞሽ» አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ግን ሻይ አፍልቼ በደስታ ጠጣሁ። ሁለት ስኳር ጨምሬ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደ መምህር ለማሰብ ሞከርኩ። የያዝኩትን ማስረጃ በወጉ አየሁት፦ እሑዱ፣ ሳቁ፣ «ለካን» ማለትሽ፣ ምስጋናው። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ይሁንና አንቺ ራስሽ ያስተማርሽኝ ሕግ አለ። መስመሮች ስለገጠሙ ብቻ ሞለኪውሉ አለ አይባልም፤ ሰማዩ በመስመር የተሞላ ነው፣ በአጋጣሚ የሚገጥም አይጠፋም። ሞለኪውሉ ካለ ሊኖር የሚገባው ጠንካራ መስመር ሁሉ በቦታው መገኘት አለበት። ከጠንካሮቹ አንዱ ከጎደለ የለም ማለት ነው፤ የቀሩት ምንም ያህል ቢገጥሙ።

ታዲያ እኔ የጠረጠርኩት ነገር ቢኖር ከሁሉ የጠነከረው መስመር የቱ በሆነ? መደበቅ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ካለበት የዚያን ሰው ስም ይሸሻል። አንቺ ሸሽተሽው አታውቂም፤ እንዲያውም ጆሮዬ እስኪያመኝ ትጠሪዋለሽ። ስለዚህ የለም። ሥሌቱ ትክክል ነው፤ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ማረፍ ነበረብኝ።

አላረፍኩም። ሐሙስ ዕለት ለክፉ ቀን ብለሽ በሰጠሽኝ ቁጥር ወደ ላቦራቶሪያችሁ ደወልኩ። ስብሰባ የምትገቢበትን ሰዓት መርጬ ነው የደወልኩት። እሱን ባገኘው የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ አጭር፣ ጨዋ፣ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ዓረፍተ ነገር።

ያው የእሑዱ ድምፅ አነሣው። የአንቺን ስም ጠርቼ ባሏ ነኝ አልኩት።

«መምህሩ!» ብሎ ጮኸ። «ጓዶች፣ መምህሩ ነው!» ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ያወራነው ሁለታችንም ተውሰን በምንናገረው ቋንቋ ነው። የእሱ ከእኔም ይብሳል፤ ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

«እሷ ስብሰባ ላይ ናት። እርስዎን ግን እናውቅዎታለን። እዚህ ሁሉም ሰው ያውቅዎታል» አለኝ።

«በምን?»

«ለክተን ስንጨርስ ‹መምህሩ ቢሆን ድገሚው ይለኝ ነበር› ትላለች። እንደግመዋለን። አሁን እኔ ቱቦ ሠርቼ ሳሳይ ጓደኞቼ ‹መምህሩ አይቶታል?› ይሉኛል። በእርስዎ ምክንያት ስንት ቱቦ እንደጣልኩ ቢያውቁ!»

ሳቀ። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅሁት። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ከየት እንደሚጀምር ጠፋኝ።

«እሑድ ምን አሳቀዎት?» አልኩት በመጨረሻ።

«የትኛው እሑድ?»

«ያለፈው። ከእኔ ጋር በስልክ እያወራች ሳለ።»

«እኔ እንጃ፣ መምህር። እኔ ብዙ እስቃለሁ። ሚስቴም በዚህ ትጣላኛለች።»

«እሑድም ትሠራላችሁ ማለት ነው?»

«ፓምፑ እሑድን አያውቅም።»

እዚህ ላይ ልሰናበተው ነበር። ሳቁ ሳቅ ብቻ ነበር። ሥሌቴ ትክክል ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎታል፣ መናገር ይፈልጋል።

«ስንፈልገው የኖርነው መስመር የወጣ ቀን መቼም ነግራዎታለች» አለኝ። «ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። እኔ የተሰነጠቀ ቱቦ ልወስድ ገባሁ። ስክሪኑ ፊት ቆማለች። መስመሩ እሷ ያሰላችው ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ ቆሟል። እሷ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ብላት አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀበልኳትና ወጣሁ። መምህር፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ሰው ለአንድ መስመር እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁም። ግን ይህን እርስዎ ያውቁታል።»

«አዎ፣ አውቀዋለሁ» አልኩት።

አላውቅም ነበር።

ለእኔ የነገርሽኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «ያቺ መስመር ተገኘች» አልሽኝ። እኔም «ደግመሽ ለካሻት?» አልኩሽ። «ለክቻታለሁ» አልሽ። ከዚያ የወጥ ቤቱን የጋዝ ሲሊንደር አስሞልቼው እንደሆነ ጠየቅሽኝ፤ ስለ ሲሊንደሩ አወራን።

ከሐሙስ ወዲህ የምቀናው በሳቁ አይደለም። ሳቁን ለሚስቱ ትቼላታለሁ። የምቀናው በዚያ ውኃ ነው። በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን ስታለቅሺ ያየሁሽ እናትሽ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው፤ ያኔም ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ነበር። አንድ ቱቦ ፍለጋ የገባ ሰው ግን አየሽ። በር ከፍቶ ገባ፣ አየ፣ ውኃ ሰጠ፣ ወጣ። ምን ያህል ትልቅ ነገር እንዳየ እንኳ በቅጡ ሳያውቀው ለማንም ለደወለ ሰው ያወራዋል።

በቱቦውም እቀናለሁ። በፓምፑም፣ በስክሪኑም። እሱ ከገባበት በርም ጋር ጉዳይ አለኝ። እህትሽ ይህን ብታነብ ምን እንደምትል እየሰማሁት ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች የለኳቸውን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖርኩ። አንዱንም ተሳስቼ ጽፌ አላውቅም። ግን ከመካከላቸው ከእኔ በፊት ማንም የማያውቀው አንድም አልነበረም። አንቺ ያን ዕለት በምሳ ሰዓት፣ ከሰው ዘር ሁሉ አንቺ ብቻ የምታውቂው ቁጥር ነበረሽ። ይህን አንቀጽ ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

አሁን መልሱ። ፈርሚ።

አንድ ዓመት ይከብደኛል፤ ይህን ለመደበቅ አልሞክርም። ከሥራ ስመለስ የምታበሪልኝ መብራት ናፈቀኝ እንዳልል፣ ጡረተኛ ነኝ፣ መብራቱን ራሴ ነኝ የማበራው። ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያስነጥስ ሰው አለመኖሩን ለመልመድ አልቻልኩም። ነገር ግን መጥተሽ እፊቴ ተቀምጠሽ፣ እኔ ስለ ቧንቧው ሳወራ አንቺ ያልተለካ ሞለኪውል እያሰብሽ ራስሽን ብትነቀንቂልኝ፣ በዚያን ጊዜ የምቀናው በሐሳብሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ደውዬ እንኳ አላገኘውም። ስለዚህ ፈርሚ።

ፈርሚ ማለቴን ከጥያቄዬ በፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ጥያቄዬን አንብበሽ ብትፈርሚ ፊርማሽ ለእኔ የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ባትፈርሚም እንደዚያው። ሁለቱ እንዲደባለቁ አልፈልግም። እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጪ፣ ሄደሽ ፈርሚ፣ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢ። ካለሽበት ሳትነሺ እንደምታነቢው አውቃለሁ። እኔ ግን ነግሬሻለሁ።

አጥርተህ ጻፍ ያልሽኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ያን ዕለት፣ ያ ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ ስክሪኑ ፊት ብቻሽን ቆመሽ ሳለ፣ ልትነግሪው የፈለግሽው ሰው ማን ነበር? ለማን ነገርሽ አላልኩም። ያን አውቄዋለሁ፤ ለማንም አልነገርሽም። ልትነግሪው የፈለግሽውን ነው የምጠይቅሽ።

የመጣልሽ ሰው እኔ ከሆንኩ ጻፊልኝ። እናትሽ ከሆኑም ጻፊልኝ፤ በሟች አልቀናም፣ ወይም እንዳልቀና እሞክራለሁ። ሌላ ሰው ከሆነም ሳታለዝቢ ጻፊልኝ። አንድ ዓመት አለኝ፤ እለምደዋለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እጅሽን ያጽናልሽ፣ የምትደክሚበትን ሁሉ ፍሬውን ያሳይሽ፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም የምትገቢ ያድርግሽ።

አሁንም ባልሽ የሆንኩት፣
መምህሩ